በአማና የተቀመጠ ስንዴ

ስለ ተስፋ ማውራት የሚቀናው ለጠገበ ሰው ነው። ሆዱ የሞላ ሰባኪ «አይዟችሁ፣ ያልፋል» ሲል ድምፁ እንዴት ያምራል! እኔም ምሳዬን በልቼ ነው የማወራችሁ፤ ስለዚህ ብዙም አትመኑኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ግን፣ ራዲዮኑ ስለ አብዮቱ ድል ሲለፈልፍ፣ እኛ ወሎ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለነው ሰው ስንቀብር እንውል ነበር። የዚያን ዓመት ሁዳዴ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ጾሙት።

የደብራችን ቄስ መንገሻ ለፋሲካ ቅዳሴ መገበሪያ፣ ማለትም ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆን ጥቂት ስንዴ ነበራቸው። ቤታቸው እንዳያስቀምጡት ራሳቸውን አላመኑም፤ ልጅ በራብ እያለቀሰ ቅስና እስከ የት ይዘልቃል? ስለዚህ የአገራችን ሰው እንደሚያደርገው ለእስላሙ ጎረቤታቸው ለአሊ በአማና፣ ማለት በአደራ፣ ሰጡት። ሲሰጡት «ከባሰብህ ብላው» ማለት አሰኝቷቸው ነበር። ግን አማና የሚቀበልን ሰው እንዲህ ማለት «አላምንህም» ከማለት አይለይም፤ ነውር ነው። ነውሩን ፈርተው ዝም አሉ። እኛ ወሎዬዎችን ከራቡ በፊት ይሉኝታው ይገድለናል።

በሰሙነ ሕማማት አሊ ሞተ። ራብ ነው የገደለው። ቄሱ ስንዴው ያለቀ መስሏቸው «እንኳን በላው» ይሉ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ ፋጡማ ቄሱን አስጠራቻቸውና እኔም አብሬያቸው ሄድሁ። ስንዴውን ከጓዳ ይዛ ወጣች። ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም።

«ፋጤ፣ ምነው ብትቀቅይለት?»

«አማና አይደል፣ አባ? ‹አላህ ፊት ምን ብዬ ልቁም?› አለኝ።»

ቄሱ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ግን ተናደድሁ፤ በአሊም፣ በቄሱም፣ በእግዜሩም።

ከዚያ ቄሱ ቋጠሮውን ፈቱ። አንድ እፍኝ ዘግነው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና የቀረውን ወደ እሷ ገፉት። እጇን ሰበሰበች። ባሏ የሞተለትን እህል እንዴት ትብላ?

«ለትንሣኤው እፍኝ ይበቃል» አሏት። «ይኸን ደግሞ ላንቺ በአማና ሰጠሁሽ፤ አማናው መብላት ነው። አሁኑኑ ጣጂው፣ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ጣደችው። እያለቀሰች በላችው።

የፋሲካ ለት በዚያች እፍኝ ቆረብን። ሊነጋጋ ሲል «ክርስቶስ ተንሥአ» እየተባባልን ስንመለስ ፋጡማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለችን። «አብሽሩ፣ አይዟችሁ።»

ከኀፍረት የተነሣ ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።