የጋሽ አስራት የድድ እንግዶች

እንግዳ አክባሪነት ልክ አለው ብለው ያምናሉ? እኔ አምን ነበር፤ ቦንጋ ተመድቤ ከጋሽ አስራት ጋር አንድ ቢሮ እስክገባ ድረስ።

ድዳቸው እየደማ ሲያስቸግራቸው ልጃቸው ከአዲስ አበባ የድድ ጄል ላከችላቸው። የቦንጋዋ ፋርማሲስት ጄሉን አይታ፣ "ጠቃሚ ባክቴሪያ አለበት፤ ጥርስዎን ቦርሸው ይቀቡት" አለቻቸው። እሳቸው የያዙት "ባክቴሪያ አለበት" የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አፋቸው የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። የጥርስ ብሩሹን ጣሉት።

"እንግዳ በመጥረጊያ ይባረራል እንዴ?" አሉኝ።

ይባስ ብለው የዚያው አገር የማንኪራ ጫካ ማር ድዳቸውን ይቀቡት ጀመር። "ካፋ መጥቶ ማር ሳይቀምስ የሚያድር እንግዳ አይተህ ታውቃለህ?"

አላየሁም። ለዚህ ድግስ ግን የድሮዎቹ ክፉ ባክቴሪያዎችም ሳይጠሩ ሳይታደሙ አልቀሩም።

ሰኞ ጠዋት ጉንጫቸው ዳቦ አክሎ ቢሮ ገቡ።

"ምነው ጋሽ አስራት?" ብዬ ጮህኩ።

"ተዋልደው ነዋ!" አሉኝ በኩራት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ሄደው የፊት ጥርሳቸውን አስነቅለው ተመለሱ። ላጽናናቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ግድ የለም፤ ቤት ጠብቧቸው ነበር።"