ወይዘሮ አስናቀች እንቁላሉን ከሽሮው ላይ ያወረዱበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ወይዘሮ አስናቀች በቢቸና ሽሮ እያሸጉ መሸጥ በጀመሩ በአራተኛው ዓመት፣ የካቲት በባተ በአምስተኛው ቀን ሐሙስ ጠዋት፣ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበረ፦ በሳሎናቸው አግዳሚ ላይ መቶ ሃያ ከረጢት ሽሮ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፤ ከረጢቱ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ነው፤ በላዩም በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሽሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ በሠላሳ አንዱ ላይ ግን ቀለሙ በእጅ ላብ ተፍቆ «ሽ» ብቻ ቀርቷል። ከዚህ በቀር ሥዕልም ምልክትም አልነበረም።

በዚያች ቀን በሦስት ሰዓት የሞጣ መደርደሪያዎች ጌታ፣ ባለ ሁለት በር ሱቁ አቶ አብዱልዋሂድ በስልክ አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁም እንዲህ ይል ነበር፦ «እትዬ አስናቀች ይስሙ! ዘንድሮ የእናንተ ሁዳዴና የኛ ረመዳን በሁለት ቀን ልዩነት ይገባሉ፤ ገበያው ሽሮ ሽሮ ይላል። መልክ የሌለውን ከረጢት ግን ደንበኛ ዞር ብሎ አያየውም። ነገ ዓርብ ከቀትር በፊት ሥዕል ያለበት ካመጡ መካከለኛው መደርደሪያ የርስዎ ነው፤ ካላመጡ ያዲሳባውን እደረድርበታለሁ፤ እስከ ፋሲካም አላነሣውም!»

ወይዘሮ አስናቀችም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ከዓመቱ ሽሯቸው ከግማሽ በላይ የሚሸጠው በሁዳዴ መሆኑን ያውቁ ነበርና፣ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፣ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃም ተራምደው ወደ ደምለው ማተሚያ ቤት ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ በቀኛቸው ባለቤታቸው አቶ ይታያል፣ ሊቀ ጃንጥላ፣ በበጋም ከጃንጥላ የማይለዩ፤ በግራቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ለናሙና የተሠራውን ሽሮ ከነድስቱ የተሸከሙ፤ በኋላቸውም የቤቱ ውሻ፣ እስከ ልኳንዳው ደጃፍ ብቻ።

ጸሐፌ ስቲከር ደምለውም በክብር ተቀበላቸው፤ አስቀድሞም ድስቱን በስልኩ ካሜራ አነሣው፤ ሽሮው ግን በክረምት የተረገጠ ጭቃ መሰለ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ቃል ሲሰጡት ሥዕል የሚመልሰውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠራ። ይህ ሥጋና አጥንት የሌለው ሠዓሊ በነጻ የሚሥለው በቀን ዐሥር ሥዕል ብቻ ነው። ደምለውም «በድስት ያለ የኢትዮጵያ ሽሮ» ብሎ ጻፈ፤ በዐሥራ ስምንት ሰከንድም ሥዕሉ መጣ። ቀለሙ ያምር ነበር፤ እንፋሎቱ ያምር ነበር፤ በሽሮውም መካከል ለሁለት የተሰነጠቀ የተቀቀለ እንቁላል ተቀምጦ ነበር። ሠዓሊው የሀገራችንን ድስት የሚያውቀው በዶሮ ወጥ ብቻ ይመስላል።

ወይዘሮ አስናቀችም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይህን ለጾም ገበያ ባወጣ የሰፈሩ ካህናት ምን ይሉኛል? ይውረድ!» ደምለውም «እንቁላል የሌለበት» ብሎ ጨመረ፤ ሁለት እንቁላል መጣ። «እንቁላል በፍጹም እንዳይኖር» ቢል ሦስት መጣ፤ አንደኛው ቅጠል ለብሶ ነበር። እንቁላሉን በእጁ ሊደመስስ ቢሞክር በሽሮው ላይ ጉድጓድ ቀረ። «ጾም ስለሆነ እንቁላል ክልክል ነው» ብሎ ምክንያቱን ቢያስረዳ እንቁላሎቹ በሰፌድ ሙሉ ሆኑ፤ በስምንተኛውም ሥዕል ዶሮይቱ ራሷ መጥታ ከድስቱ ጎን ቆመች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ፈንታነሽ እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ከመጣችስ አይቀር ወጡን እሷው ትሥራው!» አቶ ይታያልም ጃንጥላቸውን ዘጉ፤ ይህም በእርሳቸው ዘንድ የተስፋ መቁረጥ ምልክት ነው።

ዘጠነኛውም በአምስት እንቁላል ከወጣ በኋላ ደምለው እንቁላሉን መታገሡ እንደሚሻል አሰበ፤ ሥዕሉንም ለፈቃድ ወደ ሞጣ ላከው። የአቶ አብዱልዋሂድም ሁለተኛ አዋጅ ወዲያው ደረሰ፦ «እትዬ፣ እኔማ እንቁላሉን እበላዋለሁ፤ የርስዎ ሰዎች ግን ከረጢቱን በጣታቸውም አይነኩት! እንደዚህ ከሚያመጡት ባዶው ይሻላል፤ ባዶውንም አልቀበልም!»

አንድ ሥዕል ብቻ ቀረ፤ ጊዜውም ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ አስናቀችም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዘጠኙን ሥዕል በተራ መረመሩ፤ የተጻፈውንም ቃል አስነበቡ፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ነገሩ እንደሚበዛ አስተዋሉ። ያን ጊዜ በአባታቸው ቤት ከመሸ በኋላ የእባብ ስም እንደማይነሣ፣ ያነሣውም ሰው በኩርኩም እንደሚቀጣ ትዝ አላቸው፤ ተነሥተውም የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት የዚያን ነገር ስም የሚጠራ ከሽሮዬ አይቀምስም! ልጅ ደምለው፣ የሌለውን አትቁጠርለት፤ ያለውን ብቻ ንገረው። ቀይ ሽሮ በል። ጥቁር የሸክላ ድስት በል። የሚንተከተክ በል። ከጎኑ አንድ ቃሪያና የተጠቀለለ እንጀራ በል። ከዚያ አፍህን ዝጋ!»

ደምለውም እንደታዘዘው ጻፈ፤ አፉንም ዘጋ። ዐሥራ ስምንት ሰከንድም አለፈ። ሥዕሉም መጣ፤ ሽሮው ይንተከተካል፤ ቃሪያው አለ፤ እንጀራው እንደ ፎጣ ታጥፏል፤ ያ ስሙ የማይጠራው ግን የለም። አቶ ይታያል በቤት ውስጥ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። «የወይዘሮ አስናቀች ሽሮ» የሚለውን ፊደል ደምለው በገዛ እጁ ጻፈው፤ ሠዓሊው ሲጽፍ ከአንድም ሀገር ያልሆነ ፊደል ያመጣ ነበርና። በዐሥራ አንድ ሰዓት መቶ ሃያው ስቲከር ታትሞ አለቀ፤ በማግስቱም ሽሮው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አልፎ፣ ቀትር ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሞጣ ገባ፤ መካከለኛውንም መደርደሪያ ወረሰ።

እንግዲህ ይወደሱ ወይዘሮ አስናቀች፣ እንቁላልን ያለ ሰይፍ ያባረሩ፣ ዶሮን ያለ ቢላ ያሰናበቱ፣ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፈው በዐሥረኛው በዝምታ ድል የነሡ፣ ሽሯቸው እንደ ባሕር የሚናወጥ፣ ስማቸው ከቢቸና እስከ ሞጣ በየከረጢቱ የተለጠፈ!

ተቆጥሮ የታወቀውም ይህ ነው፦ ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከመቶ ሃያው ከረጢት በመደርደሪያው ላይ የቀረው አራት ነበር፤ ከአራቱም አንዱን አቶ አብዱልዋሂድ ለኢፍጣር ወደ ቤታቸው ወስደው አሠሩት፤ በላዩም አንድ የተቀቀለ እንቁላል ለሁለት ሰንጥቀው አስቀመጡበት።