ከሰኔ የተመለሰው

የከተማው ነዋሪዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሰርቨር ቀጥ ያለው በጥቅምት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ዳታቤዙን የምትጠብቀው ትርሲት ሮጣ ስትደርስ ከማሽኑ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ዲስኮቹን አውጥታ አንድ በአንድ ሞከረቻቸው፤ የአንዱም ልብ አይመታም። የከተማው ሰው ልደቱም፣ ጋብቻውም፣ ሞቱም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

«ይነሳል?» አሏት ኃላፊዋ አቶ ሸዋንግዛው በሩ ላይ ቆመው።

«እሱስ አይነሳም» አለች። «ደህና መጠባበቂያ ካለ ግን በሌላ ማሽን ይመለሳል።»

አቶ ሸዋንግዛው አንገታቸውን ደፉ። ባሏ ወንድይፍራው ሐምሌ ላይ ታሞ ብዙም ሳይሰነብት ካረፈ ወዲህ፣ ትርሲት ጥቁር እንደለበሰች ናት።

መጠባበቂያ ግልባጮቹ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ። የመስከረሙ ተበላሽቷል። የነሐሴውም የሐምሌውም አልከፈት አሉ። እነሱን ከፍቶ ማየት የእሷ ሥራ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ግን ምንም ነገር ከፍታ ማየት አልሆነላትም።

የሰኔው ሙሉ ነበር። ሲጠባበቃት የከረመ ይመስል ገና ስትነካው ተከፈተ። አዲሱ ማሽን ላይ ጫነችው፤ ነፍስ ዘራ። ቢሮው በጭብጨባ ተሞላ።

ለመፈተሽ አንድ ስም መፈለግ ነበረባት። ጣቶቿ ሳታዛቸው የባሏን ስም ጻፉ። ፎቶው ወጣ፤ ያ ጠየም ያለ ፊቱ፣ ፈገግታውን አፍኖ። ሁኔታ፦ በሕይወት ያለ።

ከሰኔ ወዲህ የሆነው ሁሉ አልሆነም። የተወለዱት አልተወለዱም፤ የሞቱት አልሞቱም። የወረቀት ቅጾቹ ስላሉ ሠራተኛው ተከፋፍሎ እንደገና ይመዝግብ ተባለ። የሞት ቅጾቹን ትርሲት ወሰደች። የወንድይፍራውን ከሁሉም ሥር አደረገችው። ደግሞስ ባትጽፈውስ? አንድ ወረቀት ቢዘለል ማን ያውቃል?

በማግስቱ እማማ ውድነሽ የሚባሉ ሴት መስኮቱ ጋ መጡ። ቤቱን ወደ ስማቸው ለማዞር የባላቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ይፈልጋሉ።

«ይቅርታ እማማ፤ ሲስተሙ ባለቤትዎ አሉ ይላል» አለቻቸው።

«አለ?» አሉ ሴትየዋ። «እንግዲያው የት እንዳለ ጠይቂልኝ፤ ጣሪያው ሲያፈስብኝ ነው የከረመው።»

ትርሲት ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ማሽኑ ተበላሽቶ የሰኔው እንደተመለሰ አስረዳቻቸው።

«ሰኔ ላይማ ደህና ነበር» አሉ እማማ ውድነሽ ጥቂት አስበው። «ጓሮ ችግኝ ይተክል ነበር። እስኪ አንዴ አሳይኝ።»

ስክሪኑን አዞረችላቸው። ፎቶውን አዩት፤ ከሥሩ የተጻፈውንም አስነበቧት። ከኋላቸው ሰልፉ ሲያጉረመርም እንኳ ዘወር አላሉም።

«ደስ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔን አያየኝም። በይ ጻፊው ልጄ፤ እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቆይ።»

ጻፈችው። ምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ መርቀዋት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ቅጾቹ እያለቁ ሄደው ከሥር ያለው ብቻ ቀረ። መጀመሪያ የጻፈችላት ባልደረባዋ ነበረች፤ ያን ጊዜ ትርሲት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አሁን የምትጽፈው ራሷ ናት። ስሙን ጻፈች። ያረፈበትን ቀን ተሳስታ አጠፋች፤ እንደገና ጻፈች። የአስመዝጋቢ ስም በሚለው ቦታ የራሷን ሞላች። ፎቶውን ብዙ አየችው፤ እሱ ግን ወደ ሰኔ ነበር የሚያየው።

ማሽኑ «ይቀመጥ?» ብሎ ጠየቃት።

አስቀመጠችው።

አቶ ሸዋንግዛው ኮታቸውን ደርበው ሊወጡ ሲሉ ብቅ አሉ። ከበላይ አካል ተደውሎላቸው ስለነበር ፊታቸው በርቷል።

«ጎበዝ፣ ጎበዝ! እንግዲህ ሁሉም ተመለሰ፤ የቀረ አለ?»

«የለም» አለች ትርሲት፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ ያህል፣ ደገመችው። «የለም።»