ባለ አንድ ዓይኑ ጀግና

የሚያስጮህ ቂም ደግ ነው። ሰውዬው ይጮሃል፣ እናንተም ትጮሃላችሁ፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ያልቃል። መከራው አፍ የሌለው ቂም ነው። በተለይ የአማት ሲሆን! ምን እንዳጠፋ የማያውቅ ሰው ይቅርታ እንዴት ይጠይቃል? እኔ ግን ጠይቄያለሁ። ያውም ደጋግሜ፣ በማላውቀው ጥፋት።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በህሊና ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ያደገች፣ ኮሌጅ ጨርሳ «ሥዕል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ያለች ልጅ ናት። የምትስለው የድሮ ዘመን ጀብዱ ነው፤ በተከታታይ ሥዕል፣ ኮሚክ በሚሉት። አሳሳሉ የአውሮፓ ነው አለችኝ። ጥቁሩ መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት፣ ቀለሙ ልሙጥ፣ ጥላ የሚባል ነገር የለ፣ ዓይን ደግሞ ነጥብ ብቻ። «ጥላውስ የት ሄደ?» ብላት «ዳዲ፣ ስታይሉ እኮ ነው» አለች። ስታይል ከተባለ ወዲያ ምን ይባላል?

የታሪኩ ጀግና አያቷ ናቸው። የባለቤቴ አባት ጋሽ ዘውዴ፣ ዛሬ ዊተን የሚኖሩት፣ በጉብዝናቸው ወራት ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። የፖስታ ከረጢት የሰረቀ ሌባ አባረው፣ ከፉርጎ ፉርጎ ዘለው ይዘዋል። ይህን ታሪክ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሌባው ላይ ሲደርሱ ለምን እኔን እንደሚያዩኝ ግን አልገባኝም። ህሊናም ለሞዴል ብላ ሳሎናችን ውስጥ ከረጢት አሸክማ አስሮጠችኝ፤ «አፍንጫህን ወደ ግራ፣ አሁን ወደኔ» እያለች ፎቶ አነሳችኝ። ጀግናው እኔን ሊመስል ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የትኛው አባት አይነፋም?

ገጾቹ ተለቅ ተለቅ ተደርገው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ሊሰቀሉ፣ ጋሽ ዘውዴም መርቀው ሊከፍቱ ተቀጠረ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን አምጥቼ ረቂቁን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ፣ ገለጡ፣ ማባረሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄ ማነው?» አሉ። «እርስዎ ነዎታ!» አልኩ። «ይሄስ?» ሌባው ነው አልኳቸው። መጽሐፉን ከድነው «ቤቴ አድርሰኝ» አሉ። በቀለበት መንገዱ ዞሬ ዊተን አደረስኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ኮል ባደርግ አያነሱም። ህሊና አልቅሳ አልቅሳ «አባባ ጠልቶታል፣ እሱ ካልመጣ ሁሉንም ካንስል አደርጋለሁ» አለች። የልጄ የዓመታት ልፋት አፈር ሊበላ ነው! ዊተን ድረስ ነዳሁ። ቁምጣ ስላለበሰችዎ ነው አይደል፣ ይቅርታ ብላቸው፣ ቁምጣ ለብሼ ነው የሮጥኩት አሉ። ጥላ ስለሌለዎት ነው ብላቸው፣ ጥላ ምን ይሠራልኛል አሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን ሥሩ ጠፍቶኝ ቅጠል ስቆርጥ ዋልኩ።

በሳምንቱ መካከል ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ልቤ ሌላ ቦታ፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ሄደ። መልአኩ በሁለት ዓይኖቹ ፊት ለፊት ያየኛል፤ በራሱ ዙሪያ ቢጫ ክብ። ከእግሩ ሥር ሰይጣን፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ባንድ ዓይን። ወይ ጉዴ! እኛ ዘንድ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ከሃዲ ባንድ ዓይን መሳሉን ሳውቅ ነው ያደግሁት። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ መጽሐፉን ሙሉ ከጎን እየታዩ ይሮጣሉ፤ አንድ ነጥብ! ሌባው ኮረብታ ላይ ቆሞ ሲያሴር ፊት ለፊት፣ ሁለት ነጥብ፣ ከበስተኋላው ክብ ፀሐይ ስትወጣ። የልጅ ልጃቸው ሌባውን አጽድቃ እሳቸውን ከሰይጣን ወገን ደምራቸዋለች።

ለህሊና ብነግራት «ዳዲ፣ እየሮጠ እኮ ነው! የሚሮጥ ሰው ከጎን ነው የሚታየው» አለች። እውነቷን ነው። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም እውነት ከሆነ ታዲያ እኔ ምን ልሁን? ግራ እንደገባኝ ትቻት ወጣሁ። ስመለስ ግን ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ከሚሰቀሉት ገጾች ትልቁን ሥዕል እንደገና ስትስል አገኘኋት። ለጋሽ ዘውዴ በባለቤቴ በኩል «ዓይንዎ ተመልሷል» የሚል መልእክት ላክሁ።

ቅዳሜ መጡ፤ በሙሉ ሱፍ። ትልቁ ሥዕል ፊት ቆሙ። ሌባውን ማጅራቱን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው፣ ሁለት ዓይን፣ ፀሐይዋም ከሳቸው ኋላ። ህሊናን አቅፈው «እደጊ፣ ተመንደጊ» ሲሏት እንባዬ መጣ፤ ምን ያሳፍራል? ደስ ብሎኛል።

እንባዬን ስጠርግ ሰው ይስቃል። ሥዕሉን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ይስቃል። ምን ጉድ ነው ብዬ ቀረብሁ። ሌባው አሁን ባንድ ዓይን፣ ወደ ጎን ዞሯል። ፊት ለፊት ሳለ ትንሽ ጭረት የነበረችው አፍንጫው ከጎን ስትታይ ሌላ ናት። ከሠርግ ፎቶዬ ላይ ከእኔ ቀድማ የምትታየው፣ የራሴ አፍንጫ! ህሊና «ሞዴሌ አንተ ነበርክ እኮ ዳዲ» አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አወጡ። አፍንጫውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና አፍንጫውን አዩ። ከዚያ ስንት ዘመን የተንከባለለ ፋይል እንደተዘጋለት ዳኛ በረጅሙ ተነፈሱና «እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉ።