ተንበርክከው የነገሡት ሊቀመንበር

አምባገነን የሌለው ሕንፃ የለም። ታንክ ያገኘ አገር ይገዛል፤ ታንክ ያጣ የውሃ ፓምፕ ቁልፍ ይዞ አራት ፎቅ ይገዛል። ልዩነቱ የዕድል እንጂ የችሎታ አይደለም። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ አንዱን ያውቁታል። ደረጃ ላይ ድምፁን ሲሰሙ ምንም ሳያጠፉ ልብዎ ድው ካለ፣ እሱ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱን በቅርብ የማየት ዕድል የገጠመው አንድ ጡረተኛ መምህር ነበር። ዕድሜውን በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያስተምር ኖሯል። አንድ ሰው እንዴት በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ሊወጣ እንደሚችል ብዙ አንብቧል፣ ብዙ ተናግሯል። ሲወጣ በዓይኑ ያየው ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በሚኖርበት ሕንፃ ግቢ ውስጥ፣ አንድ እግሩ በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

በኋላ «ክቡርነታቸው» የተባሉት ሰው ወደ ሕንፃው ሲገቡ ክቡር አልነበሩም፤ ጫማ ሻጭ ነበሩ። ጫማ ሻጭ ደግሞ እንደ ሌላው ነጋዴ ደንበኛውን ከፊት ለፊት አያይም። ይንበረከካል፣ እግርዎን በእጁ ይይዛል፣ ከታች ወደ ላይ ያይዎታል። ማን ነው እግሩን ይዞ ከታች የሚያየውን ሰው እምቢ የሚል? የሚሆንዎ ቁጥር ከመደርደሪያው ካለቀ፣ እሳቸው የሚያንሰውን ያጠልቁልዎና፣ «መጀመሪያ ያጠብቃል፤ ሲለመድ ይሰፋል» ይላሉ። ሰውም አመስግኖ፣ ከፍሎ፣ እያነከሰ ይወጣል።

ሕንፃው ውስጥም እንዲሁ ጀመሩ። የማንም ዘንቢል ሲከብድ ያያሉ፤ ሮጠው ይቀበላሉ። የሁለተኛ ፎቋ ነርስ እናቷን መቼ ዓይን እንደምታሳክም ያውቃሉ። መምህሩ ስለ ጉልበቱ ሕመም መቼ እንደነገራቸው ፈጽሞ አያስታውስም፤ እሳቸው ግን ጠዋት ደረጃ ላይ ሲያገኙት፣ «ግራው እንዴት አደረ፣ ጋሼ?» ይሉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእሳቸው እንቁላል ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው የወጣው።

የሕንፃው ሰው አንድ ጠባይ ነበረው፤ የኮሚቴ ምርጫ ሲደርስ የሚመርጠው ከስብሰባው የቀረውን ነው። የመጣማ «ሥራ ይበዛብኛል፣ ደም ግፊት አለብኝ» ብሎ ያመልጣል፤ የቀረውን ማን ያስጥለዋል? ስለዚህ ሊቀመንበርነት ከስብሰባ የመቅረት ቅጣት ነበር። እናም በምርጫው ቀን ጫማ ሻጩ ቀሩ።

የመምህሩ ወንበር ከመስኮታቸው ትይዩ ስለነበረ መጋረጃው ሲወዛወዝ አየ። ስማቸው ሲጠራ መጋረጃው ቀጥ አለ። እጅ ሁሉ ከወጣ በኋላ ክቡርነታቸው በነጠላ ጫማ፣ የጧት እንቅልፍ የተቋረጠበት ሰው መስለው ወረዱ።

«ኧረ በሕግ! እኔ ምኑን አውቄው? ሌላ ፈልጉ!»

«እባክዎ!» አለ ሕዝቡ።

«አልችልም!»

«በሞትን!»

«እንግዲህ እናንተ ካላችሁ…» አሉና የፓምፑን ቁልፍ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲህ ያ ቁልፍ ፀሐይ አላየም። ነገሩን ያነሣም ውሾ ሆነ።

መምህሩ ያን ቀን ቤቱ የገባው እየተንሰፈሰፈ ነው። «አየሽልኝ?» አላት አብራው ለምትኖረው ታናሽ እህቱ። «ለምኖ የተሾመን ሰው ልታወርጂው ትችያለሽ። ተለምኖ የተሾመን ግን ምን ብለሽ ታወርጂዋለሽ?»

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ትውላለች። መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ አየችው።

«አንተ ደግሞ! ሌባ ነው እንዴ የምታደንቀው?»

«ሌባስ አይደሉም። ጉዱ እሱ ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። ውሃው መምጣት ጀመረ። ደረጃው መብራት አገኘ። ቆሻሻው በጊዜው ተነሣ። ክቡርነታቸው ለራሳቸው አምፖል እንኳ አልወሰዱም። የሚወዱት ነገር ሌላ ነበር፤ ሲያልፉ ሰው ብድግ ሲል ማየት።

ሹመትም ያውቁበታል። ከሁሉም በላይ የሚያማርረው የሦስተኛ ፎቁ ታክሲ ነጂ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይጣላው፣ ያባርረው ነበር። ክቡርነታቸው «የቅሬታ ሰሚ ኃላፊ» አድርገው ሾሙት። ምስኪኑ ከዚያ በኋላ ሲያማርር የሚያማርረው ለራሱ ሆነ፤ ለራሱም «እንመለከተዋለን» ብሎ ይመልሳል። ነርሷ የጤና ዘርፍ ሆነች። አጥንቱ የወጣው የግቢው ድመት እንኳ «የአይጥ ጉዳይ» ይባል ነበር። ያልተሾመ ሰው ስለጠፋ የሚታዘዝም የጠፋ መሰለ፤ ሁሉም አዛዥ ሆኖ አንድ ሰው ይታዘዛል።

ውሃ በቀነሰ ጊዜ ደግሞ «የማዶዎቹ» ተፈጠሩ። ከመንገዱ ባሻገር ያለው ሕንፃ ማለታቸው ነው። «የማዶዎቹ እየሳቡብን ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መጮህ አይወዱም፤ ሲናገሩ ሰው ወደ እሳቸው ማዘንበል አለበት። እስከዚያ ቀን የማዶዎቹን ልብ ብሎ የማያውቅ ነዋሪ በረንዳው ላይ ቆሞ ያፈጥጥባቸው ጀመር። በየወሩ አዲስ ደንብ ሲወጣም፣ «መጀመሪያ ያጠብቃል፤ ሲለመድ ይሰፋል» ይባልና፣ ወዲያው «የሚቃወም አለ? የለም። ተመስገን!» ይከተላል። በ«አለ?» እና በ«የለም» መካከል ሰው ለመተንፈስ የሚበቃ ጊዜ የለም። መቃወም በእሳቸው ዘመን አልተከለከለም፤ ጊዜ ብቻ አልተሰጠውም።

መምህሩ ይህን ሁሉ፣ ሌላው ሰው ኳስ እንደሚያይ ያይ ነበር። ከአንድም ስብሰባ አልቀረም፤ እጁንም እንደ ሰው ሁሉ ያወጣል። አንድ እሑድ ግን ኳሷ ወደ ራሱ መጣች።

«ክቡራን ወንድሞችና እህቶች» አሉ ክቡርነታቸው፣ «ጽሕፈት ቤት የሌለው ኮሚቴ ምን ይባላል? መንገደኛ። ከደረጃ ሥር ያለችው ክፍል ጽሕፈት ቤት ትሁንልን። እህታችን ቤቷ ሆና ትስፋ። ቤቱ መጀመሪያ ይጠብባታል፤ ሲለመድ ይሰፋል። የሚቃወም አለ? የ…»

«አለ» አለ መምህሩ።

እህቱ ጨርቅ ጭኗ ላይ ጨምድዳ ይዛለች። የእነሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደንበኞቿ ደግሞ አብዛኞቹ ደረጃ የማይወጡ አሮጊቶች ናቸው። ክፍሏ ሄደች ማለት ሥራው ሄደ ማለት ነው፤ የመምህሩ ጡረታ ደግሞ ለመድኃኒቱም አይበቃ። ወሬው ዋዜማውን ስለደረሰው መምህሩ ማታ ያዘጋጀው ረጅም ንግግር ነበረው፤ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሥልጣን ልክ። ሲነሣ አንዱም አልመጣለትም።

«እኛ ቤት ጉሮሮ የሚደፈነው እሷ በምትሰፋው ነው» አለ። «ይኸው ነው። እቃወማለሁ።» የሚቆረጥመውን እጁን አወጣ።

ለጥቂት ጊዜ ያቺ እጅ ብቻዋን ቆመች። ከዚያ ታክሲ ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም… ቅሬታ አለኝ።»

«ለማን ልታቀርብ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ውስጥ ነርሷ እጇን አወጣች፤ የለበሰችውን ጋውን የሰፋችላት የመምህሩ እህት ናት። ከዚያ ወዲያኛው፣ ከዚያ ወዲህኛው። የሕንፃው እጅ እንደ ማሽላ እሸት ቀጥ አለ።

መምህሩ ዓይኑን ከክቡርነታቸው አልነቀለም። ሲገረጡ አየ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ እጆቹን ሲቆጥር አየ። መንግሥት እንዲህ ነው የሚወድቀው፣ አለ በልቡ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ፣ ከእጆች ሁሉ በላይ አንድ እጅ ሰማይ ሊነካ ወጣ። የክቡርነታቸው ነበር።

«ይኸው!» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። «ይህን ነበር የምጠብቀው! እህታችንን ማንም፣ ደግሜ እላለሁ፣ ማንም ከዚያች ክፍል እንዳያስነሣት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል! ኮሚቴያችን ቆሞ እያየ? በፍጹም! የማዶዎቹም ይስሙ!»

ጭብጨባው ግቢውን ናጠው። ታክሲ ነጂው አፏጨ። ነርሷ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እሳቸው ባይኖሩልሽ ክፍልሽ ሄዳልሽ ነበር» አለቻት።

እህቱ ወንድሟን በክርኗ ጎሸመችው። «አንተ! ለማን ነው የምታጨበጭበው?»

መምህሩ መዳፎቹን አያቸው፤ ቀልተዋል። «ተይኝ እስቲ» አላት። «መጽሐፍ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ክቡርነታቸው በጭብጨባው መሐል መጥተው አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። በቅርብ ሲታዩ ሸሚዛቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቋል።

«ጋሼ» አሉ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ልቤን አቆሙት እኮ። እጄን ሳወጣ ‹የእርስዎ ሐሳብ አልነበረም ወይ?› ቢሉኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አፍዎ ላይ ደርሶ ነበር፤ አይቼዎታለሁ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መምህሩ አሰበ። የተማረ ሰው የሚሰጠው መልስ ብዙ ነበር። እውነተኛው ግን አንድ ነው።

«ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ጓጉቼ» አለ።

ክቡርነታቸው ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ። መምህሩ ከወንበሩ ሥር ያስቀመጠውን፣ ገና ያልቀመሰውን ሻይ አንሥቶ አስያዛቸውና፣ እንዳይፈስ ብርጭቆውን ከታች ደገፈላቸው።

«ፉት ይበሉበት» አላቸው። «ሕዝቡ የመዝጊያ ንግግር እየጠበቀ ነው።»