የሐጂ እርግቦችና የኔ ዳስ

ሰው ጡረታ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያጣው ጠላት ነው። አትሳቁ። ሥራ ላይ እያለ አለቃ አለው፣ የማያልቅ ስብሰባ አለው፣ ጠመኔ የሚደብቅበት ባልደረባ አለው፤ ጠዋት ከአልጋው የሚነሣውም እነሱን ለማማረር ነው። ጡረታ ሲወጣ ግን የሚያማርረው ያጣና ግቢው ውስጥ ሲዞር ይውላል። እኔም ጭሮ ላይ ሠላሳ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ ባለቤቴን ቀብሬ፣ ልጆቼን ወደየከተማቸው ሸኝቼ ብቻዬን ስቀር የተገኘልኝ ጠላት የወፍ ኩስ ሆነ።

ግቢዬ ውስጥ፣ ከጊሽጣው ዛፍ አጠገብ፣ በብረት ቋሚ የቆመ ቆርቆሮ የለበሰ ትንሽ ዳስ አለኝ። ሥሩ አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ላይ የምንቀመጠው ሁለት ነን፤ እኔና ጎረቤቴ ሐጂ ዩሱፍ። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጫት ነጋዴ ነበሩ። በሩጫ ላይ ያለ መኪና የጫነውን ጫት በሩቁ አይተው የየት አገር እንደሆነና መቼ እንደተቆረጠ ይናገሩ ነበር ይባላል፤ እሳቸውም ይህ ሲወራላቸው ይወዳሉ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቀኑን የሚገፋልኝ የሳቸው ጨዋታ ነው። እሳቸው ካልመጡ የገዛ ድምፄን የምሰማው ዕቃ ወድቆብኝ ስሳደብ ብቻ ነው።

ችግሩ ሐጂ እርግብ ያረባሉ። እርግቦቹ የሚያድሩት በሳቸው ጣራ ሥር ነው፤ የሚበሉት የሳቸውን ማሽላ ነው፤ ኩሳቸውን የሚጥሉት ግን እኔ ዳስ ላይ ነው።

የወፍ ኩስ አጽድታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እርጥቡ ይለቀለቃል፣ ደረቁ ሲሚንቶ ነው። መጀመሪያ በደረቁ ፋቅሁት፤ አቧራው ሦስት ቀን አሳለኝ። ቀጥዬ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፤ ኩሱ ቀርቶ ቀለሙ ተነሣ። በስተመጨረሻ ዘዴው ገባኝ፦ በሞቀ የሳሙና ውሃ የተነከረ ጆንያ አልብሶ ግማሽ ሰዓት መተው፣ ከዚያ በእንጨት ቀስ አድርጎ መፋቅ። ወንበሩ ንጹሕ ይሆናል። እስከ ማግስቱ።

ስለዚህ ወደ ማባረሩ ዞርኩ። ያረጁ ሲዲዎች በክር አንጠለጠልኩ፤ እርግቦቹ እየመጡ መልካቸውን አዩበት። የካሴት ክር ወጠርኩ፤ ሁለት ቀን በነፋስ ሲያጉረመርምባቸው ሸሹ፣ በሦስተኛው ለመዱት። የሚኤሶ ገበሬዎች ግሪሳን ከማሽላቸው የሚያባርሩበት የሰው አምሳያ ትዝ ሲለኝ አሮጌ ካፖርቴን በገለባ ጠቅጥቄ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼለት ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ሠራ። አንድም እርግብ አልቀረበም።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ካፖርቱን አስቀምጬ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ አነሣውና በጸዳው ወንበር ላይ ሐጂን እጠብቃለሁ። ሐጂ አልመጡም። ዝናቡ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ አሁንም አልመጡም። ሄደህ አትጠይቅም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የሽማግሌ ኩራት ክፉ ነው፤ ካልፈለጉኝ ይቅር ብዬ ተቀመጥኩ። ሳምንት አለፈ፤ እንዲያ ባማረ ወንበር ላይ ብቻዬን።

በስምንተኛው ቀን ልጃቸው ከድጃ በሬን አንኳኳች።

«መምህር፣ አባቴ ምን አጠፉ?» አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ከሱብሒ ሶላት ነግቶ ሲመለሱ በአጥሩ በኩል ሰላም ይሉዎታል። እርስዎ ካፖርትዎን ለብሰው ዳሱ ሥር ቁጭ ብለው ዝም ይሏቸዋል አሉኝ። ሰባት ቀን ሙሉ! ወላሂ፣ ምግብም ዘግቷቸዋል።»

እኛ ጋ ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። ሐጂ «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ፣ እኔ ክርስቲያኑ «ወአለይኩም ሰላም» እላለሁ፤ ሃያ ዓመት እንዲሁ ኖረናል። ሰላም ሲሉት ዝም ያለ ሰው ከተሳደበ ይብሳል፤ ስድብስ ቢያንስ መልስ ነው።

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝና ሳቁ ጠፋ። ከአጥሩ እስከ ዳሱ ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው። የሐጂ ዓይን፣ ያ ጫት በሩቁ የሚለይ ዓይን፣ በአሥር እርምጃ ገለባን ከሰው መለየት አቅቶታል። ልጃቸው ዓይናቸው መድከሙን አላወቀችም። ለኔም አልነገሩኝም።

ወዲያው ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ መምህር» አሉኝ። «ያጠፋሁትን ግን ንገረኝ። ዕድሜዬ ሄዷል፤ ሰው አስቀይሜ አልሙት።»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን በዓይናቸው ለኖሩ ሰው «ሰላም ያሉት ካፖርት ነው» ማለት «ዓይንዎ ጠፍቷል» ማለት ነው። አልቻልኩም። ጥፋት መፍጠር ነበረብኝና የቀረበኝን አነሣሁ።

«እርግቦቹ ናቸው» አልኩ። «ዳሱን በኩስ አበላሹብኝ።»

«ለኩስ ነው?»

«ለኩስ ነው።»

«አቦ! ታዲያ በአፍህ አትነግረኝም ነበር?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። አፉ ተባባልን። በደግነቴ እየተደሰትኩ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ካፖርቱንም ዳግመኛ አላወጣሁትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ጸጥ አለ። ከድጃን ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ሐጂ እርግቦቹን በሙሉ አሳርደው ለሰፈሩ ሕመምተኛ ሰደቃ ሰጥተዋቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ መጡ። ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ጸድቷል» አሉ።

«ጸድቷል፣ ሐጂ።»

«መሰላ ወረዳ ላለ ዘመድ ልልካቸው አስቤ ነበር። እርግብ ግን ቤቱን አይረሳም፤ በማግስቱ ተመልሶ ያስቸግርሃል።» ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ዓይኔ ከከዳኝ ዓመት ሊሞላው ነው መምህር። ልጄን ላለማስደንገጥ ነው እንጂ ላንተስ ልነግርህ ነበር። እርግቦቹን በድምፃቸው አንድ በአንድ እለያቸው ነበር። ይሁን፣ ሰው ይበልጣል።»

ሊነግሩኝ ነበር፤ እኔ የደበቅሁላቸውን ነገር እሳቸው ራሳቸው። ስለ ካፖርቱ እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው እርግቦቹ በከንቱ ታረዱ ማለት ነው። ሐጂ በየቀኑ ይመጣሉ፣ እንጫወታለን። እኔም ጠዋት ጠዋት ውሃ አሙቄ፣ ጆንያዬን ነክሬ ወንበሩን አለብሰዋለሁ። የሚፋቅ ነገር የለውም።