የባካሪ ቶንዶዝ ከዝገት ምርኮ የተመለሰበት ገድል

ሞሎባሊ ኩሊባሊ በሴጉ ከተማ፣ በወንዙ ዳር ባለው የብስክሌት መለዋወጫ ሱቁ ላይ በነገሠ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ሚስቱ ሲታን በእርሱ ላይ በነገሠች በሠላሳኛው፣ በዘመነ ሐርማታን፣ የበረሃው ነፋስ ከንፈር በሚሰነጥቅበትና ሰው ሁሉ ማለዳ ብርድ ልብስ ደርቦ ገበያ በሚወጣበት ወራት፣ ይህ ገድል ተደረገ።

ይህ ሞሎባሊ፣ ፀሐየ ሴጉ፣ ፈዋሴ ጎማ፣ የላላ ሰንሰለት ድምፁን ሲሰማ የሚጠብቅለት፣ ከአባቱ ከባካሪ የወረሰው አንድ ቶንዶዝ ነበረው፤ ኤሌክትሪክ የማያውቅ፣ በመዳፍ ሲጨምቁት ጥርሱን የሚያፋጭ የእጅ ቶንዶዝ። ባካሪ በዛፍ ጥላ ሥር ፀጉር ባስተካከለበት ዘመን ዓሣ አጥማጁም ዳኛውም በዚህ ብረት ፊት እኩል ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ባካሪ ባረፈ ጊዜ ግን ቶንዶዙ ወደ ሲታን የልብስ ሣጥን ተጋዘ፤ በዚያም ሞላው ተሰበረ፣ ዝገትም ወረሰው።

ወእምድኅረ ዝንቱ የሞሎባሊ ምራት ወንድ ልጅ ወለደች። በሴጉ ሥርዓት ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ማለዳ ስም ይወጣለታል፤ የሕፃኑን ራስ በምላጭ መላጨት የአሮጊቶች ሥልጣን ሲሆን፣ ስሙን መቁረጥ የአያትየው ነው። ሞሎባሊም በደጁ ቆሞ አዋጅ አስነገረ፦

“ስሙኝ! የአባቴ ቶንዶዝ ይነሣል! በዚያ ማለዳ የዚህ ቤት ወንድ ሁሉ በእርሱ ይስተካከላል። ልጁም ባካሪ ይባላል!”

እቴጌ ሲታን ከማድ ቤት ሆና አዋጁን በአዋጅ መለሰች፦

“ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ያ ብረት ስንት ቀሚሴን በዝገት አቅልሞብኛል። ወይ ይቁረጥ፣ ወይ ለቆራሌው ይሰጥ!”

ይህ ሁሉ ከጎረቤቱ ከማካን ኬይታ ጆሮ ደረሰ፤ ማካንም ፀጉሩ እንደ ሩዝ ማሳ ጥቅጥቅ ያለ፣ ምላሱ እንደ ገጀራ የተሳለ ሰው ነው። ኬይታና ኩሊባሊ ደግሞ ከአባቶቻቸው ጀምሮ በቀልድ ዝምድና የታሰሩ ናቸውና፣ አንዱ ሌላውን ቢሰድብ መቀየም ነውር፣ አንዱ ሌላውን ቢጠይቅ እምቢ ማለት የባሰ ነውር ነው፤ ከስድብም ሁሉ አውራው “አደንጓሬ በላ” መባል ነው። ማካን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አወጀ፦

“አንተ አደንጓሬ በላ፣ አንተ የአያቴ ሎሌ! ለዚያ አዞ ራሱን የሚሰጥ ጅል ከየት ልታመጣ ነው? በል፣ ጌታህ እኔ እሰጥሃለሁ። በሕዝብ ፊት ከዳር እስከ ዳር ከቆረጠልህ የልጁን ስም እንደ ወደድህ። ከነከሰኝ ግን ልጁ ማካን ይባላል፤ ሎሌ በጌታው ስም ይጠራ!”

ሞሎባሊ በአባቱ ስም ላይ እንዲህ ያለ ጦር ቢታወጅበትም፣ ሕጉ ሕግ ነውና ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጦርነት ማን ተርኮ ይጨርሰዋል! ሠራዊቱ እነሆ፦ በጣሳ የተሰለፈ ላምባ፣ አመድና አሸዋ፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ብሩሽ፣ ከአንድ ሟች ብስክሌት የፍሬን እጀታ የተማረከ ሞላ። ቶንዶዙ በላምባ ተጠመቀ፤ ጥርሱ አንድ በአንድ ተፋቀ፤ ዝገትም እንደ ተሸነፈ ጦር ቀይ አቧራ እያስነሣ ሸሸ። ሞሎባሊ ጥርሱን ቅቤ ሊቀባው ሲል፣ ሲታን የስፌት መኪናዋን ዘይት ይዛ መጥታ “ቅቤ ለፀጉር ነው እንጂ ለብረት ማን ነገረህ? ይልቅ ይህን ቀባው” ብላ ብታውጅ፣ እርሱ “አባቴ ከሺአ ፍሬ ቅቤ በቀር ሌላ አልቀባም! እኔም ልጁ አልቀባም!” ሲል ዘይቱን ከነጣሳው አባረረ። ባካሪ ፀሐይ ሳትከር ሥራ ጀምሮ እንደማያውቅ ያስታወሰ አልነበረም።

በቀትር ለድግሱ በታሰረው በግ ላይ ሙከራ ተደረገ። ቶንዶዙ እንደ ወፍ እየተንጫጫ የበጉን ግራ ጎን እንደ መዳፍ አለሰለሰው። ሞሎባሊ በዚያ ሌሊት እንደ ድል አድራጊ አንኮራፋ።

ሰባተኛው ማለዳ ደረሰ። በግቢው ውስጥ ኢማሙ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ ዓሣ አጥማጆቹ፣ የሱቁ ባለዕዳዎች፣ አሮጊቶቹ፣ ግማሹ የተላጨው በግም ሳይቀር፣ ሁሉም በብርድ እየተንቀጠቀጡ ተሰበሰቡ። ማካን እንደ ሙሽራ ተሸልሞ መጣ፤ በርጩማ ላይም ተቀመጠ። ቶንዶዙ ከማጅራቱ ተነሥቶ ሽቅብ ዘመተ፤ እስከ አናቱ ድረስ የንጉሥ አውራ ጎዳና የመሰለ መንገድ ከፈተ። እልልታው ሊነሣ ሲል ቀጥ አለ። አይወጣም፣ አይገባም። እጀታው በማካን አናት ላይ እንደ ዘውድ ቆሞ ቀረ።

ማካን ከደስታው ብዛት ሕመሙን ረሳው፦ “እንዳትነኩት! ነክሶኛል፣ ምስክሮቼ ናችሁ! ልጄን አምጡልኝ! ማካን በሉት!” ሞሎባሊ ሲጎትት ደግሞ “ቀስ! ቀስ በል አንተ! ራስ ነው እኮ፣ ፔዳል አይደለም!” ሲል ግቢውን አናወጠው።

የሞሎባሊ አባት ስም ከኬይታ ፀጉር መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። ያን ጊዜ ሲታን ጣቷን በቶንዶዙ ጥርስ ላይ አሳርፋ ታሪክ የማይረሳውን አዋጅ ተናገረች፦

“ቅቤው ነዋ! በብርዱ ረግቶ እንደ ሰም ያዘ። እንዲህ የሚሆን መስሎኝ ነበር፣ ማን ይሰማኛል! በእንፋሎት ይለቃል።”

በዚያ ሰዓት በግቢው የሚፈላ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለእንግዶች የተጣደው የአደንጓሬ ድስት ነው። ማካን ድስቱን አየ፤ ከዚያም ወደ አጥሩ አየ። ሞሎባሊ ግን ድምፁን አለስልሶ “ጌታዬ ማካን፣ አንድ ልመና አለኝ፤ ራስዎን ወደ አደንጓሬያችን ዝቅ ያድርጉልን” ሲል ጠየቀ። ልመና ነውና እምቢ አይባልም። የኬይታ ዘር ለአደንጓሬ ድስት ተንበርክኮ ሰገደ፤ አሮጊቶቹም እየሳቁ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንፋሎቱ ሲወጣ ቅቤው ቀለጠ፤ ቅቤው ሲቀልጥ ሞላው ወደ ቦታው ነጠረ፤ ቶንዶዙም እየተንጫጫ ከዳር እስከ ዳር የቀረውን ማሳ አጨደ።

ኢማሙም “ከዳር እስከ ዳር ቆርጧል” ብሎ ፈረደ፤ ጆሮውንም ወደ ሞሎባሊ አዘንብሎ ስሙን ጠበቀ። ሞሎባሊም ሕፃኑን አየ፤ ወዙ እየተንጠባጠበ የቆመውን ማካንንም አየ፤ ፊቱም ቀስ እያለ በራ።

“ባካሪ ብዬ ብጠራው፣ አባቴ ነውና እንዴት እቆጣዋለሁ?” አለ። “እንኳን ልገርፈው፣ ጫማዬን አምጣ አልለውም። አባቴን ይህ ብረት ያስጠራዋል። የልጁ ስም ማካን ይሁን!”

ማካን ኬይታ ወደ ሰማይ ዘለለ፤ አሸነፍሁ እያለም ሰውን ሁሉ አቀፈ። ደስታውም ሲታን ሕፃኑን እስክትቀበል ድረስ ቆየ። እርሷ ታቅፋ ቀሚሷን አየችና ለሕዝቡ በታላቅ ድምፅ አወጀች፦

“ማካን ሸና!”

ሕፃኑ ከዳኸ ወዲህ በየማለዳው ማካን ኬይታና ጎረቤቶቹ ሻያቸውን እየጠጡ ከአጥሩ ማዶ የሚታወጀውን ያዳምጣሉ፦ “ማካን፣ አፈር አትብላ! ማካን፣ አፍንጫህን ተናፈጥ! ምን ዓይነት ባለጌ ነህ አንተ ማካን!” ለሞሎባሊ ኩሊባሊ፣ ዝገትን ላስገበረ፣ በሕዝብ ፊት ድል ከነሣ በኋላ ድሉን ለጠላቱ ለሸለመ፣ ጌታውንም በሽንት ጨርቅ ለጠቀለለ፣ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለሚስቱ ለሲታን ግን እጥፍ።